የኖኤሚ ጌጥ መስቀያ

በባኒ ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ መነኩሲቷ ሲስተር ቤኒግና የውድድሩን ደንብ ስታነብ፣ እንደ ዶኛ ኤውላሊያ በአዎንታ ራሷን የነቀነቀች እናት አልነበረችም። እያንዳንዷ እናት ከልጇ ጋር ሆና፣ እቤት ከወዳደቀ ዕቃ፣ የልጇ ጌጣጌጥ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠልበት መስቀያ ትሠራለች። ያሸነፈችው ልጅ በእመቤታችን በዓል ዘውድ ደፍታ፣ በአበባ ያሸበረቀው መኪና ላይ ትቀመጣለች። ሰው ቀጥራ ያሠራች ከውድድሩ ትወጣለች።

«በገዛ እጃችን!» አለች ኤውላሊያ ጮክ ብላ። «ልጆቻችን ሥራን ከእኛ ካላዩ ከማን ይማራሉ?»

በማግስቱ አናጢው ዶን ክሪስፒን ዘንድ ሄደች።

«ለማንም እንዳይተነፍሱ» አለችው።

«እኔ? ድንጋይ ነኝ በሉኝ፣ ዶኛ።»

ክሪስፒን በርና አልጋ፣ ሲገኝም የሬሳ ሣጥን የሚሠራ፣ ጣቶቹ ሙዝ የሚያካክሉ ሰውዬ ነበር። ኤውላሊያ አጭበረበርኩ ብላ አላሰበችም። ቀለሙን የመረጠችው ራሷ ናት። ሮዝ። ከዚያ በኋላ ያለው እንጨት መቁረጥ ብቻ ነው፤ እንጨት መቁረጥ ደግሞ ማንም ይችላል።

እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ልጇን የምታሳድግ ሚላግሮስ የምትባል ጎረቤት አለቻት። ያቺም ተመዝግባለች! ልጇ ዩሪስ ከጆሮ ጉትቻዋና ከአንድ የዶቃ አምባር ሌላ ምን ጌጥ አላትና ነው መስቀያ የሚያስፈልጋት?

ኤውላሊያ ሰገነቷ ላይ ወንበር አወጣች። ሰኞ ዕለት ክሪስፒን እያፏጨ ባዶ እጁን ወደ ሚላግሮስ ቤት ሲገባ አየችው። ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በብብቱ ይዞ ወጣ። ረቡዕም እንደዚያው። ዓርብም እንደዚያው። ከቤቷ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፣ የቀለም ሽታ መንገዱን ተሻግሮ አፍንጫዋ ድረስ ይመጣል።

«እቤቷ ድረስ እየሄደ ይሠራላታል!» አለች ለባሏ። «እሷ ደግሞ የተጠበሰ ሙዝ ጠቅልላ ታሸክመዋለች። ለኔ አንድ ቀን እንኳ ቤቴ መጥቶ ያውቃል?»

የራሷ መስቀያ ቅዳሜ ደረሰላት። ሮዝ ክፈፍ፣ ጥግ ላይ የተቀረጸች ቢራቢሮ፣ እንደ ወፍ ጥፍር የቀጠኑ ማንጠልጠያዎች። ልጇ ኖኤሚ ሰማያዊ የላሪማር ድንጋይ ሐብሏንና ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት የታሰረላትን ጥቁር ድንጋይ ሰቀለችበት። ኤውላሊያ አውራ ጣቷን በፋሻ ጠቀለለች።

«እማዬ፣ ጣትሽን ምን ሆንሽ?»

«በመዶሻ መታሁት።»

«መቼ?»

«ስንሠራ ነዋ! አንቺ ሙጫውን ይዘሽልኝ።»

ኖኤሚ ትንሽ አሰበች። «ምን ዓይነት ሙጫ ነበር?»

«የሚያጣብቅ!»

በውድድሩ ቀን አሥራ ሦስት መስቀያዎች ግድግዳው ላይ ተደረደሩ። የሚላግሮስ ከአሮጌ የመስኮት መከለያ የተሠራ ነበር፤ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎች ማንጠልጠያ ሆነው ተተክለውበታል፤ የዩሪስ አንዲት አምባር ብቻዋን ተንጠልጥላ ንግሥት መስላለች። ሲስተር ቤኒግና እሱ ፊት ቆማ ቀረች።

ኤውላሊያ ሰው ገፍታ ወደ ፊት መጣች።

«ሲስተር፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለች። «ግን ይሄ የአናጢ ሥራ ነው። ክሪስፒን ሳምንቱን ሙሉ ከቤቷ አልጠፋም። በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ልጄ ፊት እንዲህ አትበይኝ፣ ኤውላሊያ» አለች ሚላግሮስ።

«እሺ ተናገሪዋ! ሰውየው እቤትሽ ምን ይሠራ ነበር?»

ሚላግሮስ ወለሉን አየች። «መናገር አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ሰማችሁ? ቃል ገብቻለሁ!»

ዩሪስ ማልቀስ ጀመረች። የቀሩት አሥራ አንድ እናቶች ድንገት ቦርሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልጉ ጀመር። አንዷም «እውነቷን ነው» አላለችም። ኤውላሊያ ዝምታቸውን ጨዋነት ነው ብላ ወሰደችው።

«ሚላግሮስ፣ ዝም የምትዪ ከሆነ ልጅሽን ከውድድሩ ማውጣቴ ነው» አለች ሲስተር ቤኒግና በሐዘን።

ሚላግሮስ የልጇን እጅ ይዛ የመስኮት መከለያውን ከግድግዳው ልታወርድ ተንጠራራች።

«ቆይ! ክሪስፒን ራሱ ይጠራና ይናገር!» አለች ኤውላሊያ፤ ድሉ እንዲህ በአጭሩ እንዲያልቅ አልፈለገችም። በራሷ በኩል ስጋት የለባትም፤ ሰውየው ለሷ ድንጋይ ነው።

በትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ የተሰበረ ወንበር ሲጠግን የነበረው ክሪስፒን ተጠርቶ መጣ። የምታለቅሰውን ልጅ አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዶን ክሪስፒን፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችው ሲስተር ቤኒግና። «የሚላግሮስን መስቀያ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አንዲት ሚስማር አልመታሁላትም፣ ሲስተር፤ እንዲያውም ከዶኛ ኤውላሊያ ጀምሮ አሥራ ሁለቱም እናቶች ያዘዙኝን መስቀያ ሠርታ የሰጠችኝ እሷ ናት።»