የአምስት ሰዓት መንገድ

«ስንቄን እንኳ ሳልፈታው!» አለች ኤርሲሊያ፣ የልጇን ክንድ ተደግፋ ከባቡሩ እየወረደች። «ከቦሎኛ ተነሳን፤ ሹራቤን አወጣሁ፣ ትንሽ እንደሠራሁ ‹ሚላኖ ደርሰናል› አይሉም? ወይ ጉድ! አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ‹ሌላ ሚላኖ አለ እንዴ?› ብላት ሳቀችብኝ። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው አለችኝ።»

ልጇ ፋውስቶ ከረጢቷን ተቀበላት። ከረጢቷ ውስጥ ያለው ቅቅል እንቁላልና ዳቦ እንደታሰረ ነው። አምስት ሰዓት ነው፣ ሁለቴ ባቡር ይቀየራል ብሎ የነገራት እሱ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከሚላኖ ቦሎኛ እየተመላለሰ እነሱ ቤት የሚበላው የእሁድ ምሳ ሰልችቶት ያመጣት ሰበብ ናት፤ ያ የማይቀር ቶርቴሊኒ የሚሉት ፓስታ በመረቅ፣ ያ የማይቀር «መቼ ነው የምታገባው?»። አባቱም እናቱም ከሰፈራቸው የማይወጡ ሰዎች ነበሩና አመኑት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የፋውስቶ ግን ከበደች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀትር ላይ እናቱ ደውላ «አባትህ እየደከመ ነው፣ ድረስ» ስትለው፣ የአባቱን ፊት ማየት ፈራ። አዎ፣ ፈራ። «አምስት ሰዓት እኮ ነው እማዬ፤ ዛሬ አልደርስም፣ ነገ በጠዋት» አላት። አባቱ ያን ዕለት አረፈ።

«እማዬ፣ እኔ...»

«ነገ ማለትህን ለአባትህ አልነገርኩትም» አለች፣ ፊቱን ሳታይ። «ተነስቷል አልኩት። አልጋው ላይ ሆኖ ሰዓቱን ይቆጥር ነበር። ጎረቤታችን ኖርማ ‹ይሄ ምን ዓይነት ልጅ ነው?› ብትል በዚያ ትንፋሹ ተቆጣት። ‹አምስት ሰዓት ቀላል መሰለሽ? ልጄን አታስቸኩሉብኝ› አላት። በአራተኛው ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ቀረው እያለ።»

የፋውስቶ ፊት ነደደ። ሰው ግራና ቀኝ እየገፋው ያልፋል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የኤርሲሊያ ስልክ ጮኸ። ኖርማ ናት። ጆሮዋ ስለደከመ ስትናገር ትጮሃለች፤ ለፋውስቶም ተሰማው።

«የት ደረስሽ? ያ ጉደኛ ልጅሽ መጥቶ ተቀበለሽ?»

ኤርሲሊያ ቀና ብላ ልጇን አየችው። አተኩራ አየችው።

«ኧረ ገና ነኝ!» አለች፣ እሷም ጮክ ብላ። «ገና አራት ሰዓት ይቀረኛል። ሩቅ ነው እቴ፣ አያልቅም። ታዲያ ያ ምስኪን ልጅ በምን አቅሙ ይደርስ ነበር?»

ስልኩን ዘጋችና አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችው።

ፋውስቶ መቀመጥ አቃተው።