የጂንካን ሌባ የያዘው ኢንጂነር

ይህን ብነግራችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ካኮ ገበያ መሃል በሬ ይውጋኝ፤ በሬው ቢስተኝ ፍየል ትጨርሰኝ።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው ነው። ጂንካ ውስጥ የእህልና የዘር መጋዘን ነበር። ለዚህ መጋዘን ሁለት ኮምፒውተር መጣለት። አንዱ ቢሮ፣ ሌላው መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጠና በመሃላቸው ጥቁር ሽቦ ተዘረጋ። እህል ሲወጣ የመጋዘኑ ለቢሮው ይነግረዋል ተባለ። በሁለቱ መሃል ያለው ግቢ፣ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» የሚባልበት ነው። ይሁን፤ ሥልጣኔ ነው።

ሁለቱ ማሽኖች እንደ ጎረቤት ሴቶች ሲያወሩ ከረሙ። ኋላ ከአዲስ አበባ ኢንጂነር ውቤ ተላከ፤ የቢሮውን ኮምፒውተር መዝገብ ማኖሪያ ዲስክ ለሁለት ከፍሎ ዘሩን ለብቻ፣ እህሉን ለብቻ እንዲያስቀምጥ።

ውቤ ከአውሮፕላን የወረደው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነው። ማረፊያው ሜዳ ላይ የሚግጡትን ላሞች አየና፣

«ሊቀበሉኝ የመጡት የተማሩት ናቸው?» አለ።

ሻንጣውን ዘበኛው ዳርጌ ተሸከመ። ዳርጌ የዚያው አገር፣ የአሪ ሰው ነው። የቢሮው ቁልፍ ወገቡ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጆቹም የሚበሉት ከዚያች ቁልፍ ነው።

ውቤ ቢሮ ገብቶ ኮምፒውተሩን ገለበጠው።

«ይህን የገጠመው ማነው? ባልዲ ጠጋኝ ነው?»

ትርፍ ነው ያለውን ሁሉ ከማሽኑ ጀርባ እየነቀለ፣ ብሎኑንም የሽቦ ቁራጩንም እፍኝ እያደረገ በመስኮት ወረወረው። ከመስኮቱ ሥር አየለች ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አየለች በአዘቦት ወተት፣ በገበያ ቀን ያገኘችውን ሁሉ የምትሸጥ ሴት ናት። ብሎኑ ቅሏ ላይ ዘነበ።

«ጌታዬ፣ ወተት ነው እኮ!»

«ቆሻሻ መጣያ ላይ ማን ተቀመጪ አለሽ?»

ከዚያ ዲስኩን ለሁለት ከፈለው። ማሽኑ ተነሣ፤ መጋዘን ካለው ጓደኛው ጋር ግን አልነጋገርም አለ። ውቤ ጥፋቱ የዲስኩ ነው ብሎ ሁሉን ደምስሶ ለሦስት ከፈለው። እንቢ አለ። ለአራት ከፈለው። ዲስኩ ወራሽ የበዛበት የአባት ማሳ መሰለ። ዩኒክስ በሚባለው የማሽን ማዘዣ ያዘዋል፤ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይሰድበዋል። ውቤ ደግሞ ስድቡን ለዳርጌ በአማርኛ ይተረጉምለታል።

«አንተ ጠርገህ ነው ያበላሸኸው!»

«ጌታዬ፣ ዲስኩን እኔ በመጥረጊያ አልነካሁም።»

ማክሰኞ ውቤ ሲሰለቸው በመጋዘኑ ላንድሮቨር አልዱባ ገበያ ወረደ። ሲመለስ ቀንድና ዶቃ የተሰካካበት የአንገት ጌጥ ከሸሚዙ በላይ አጥልቆ ነው። መሃሉ ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ ብር ተንጠልጥላለች።

«ከአፄዎቹ ዘመን በፊት የተሠራ ብር ነው» አለ እየሳቀ። «አንዷን በአንድ እሽግ ምላጭ ሸወድኳት። ፊቷንም አላየሁ። የዚህ አገር ሰው ዋጋ የት ያውቃል!»

ከዚያ ወዲህ በጎነበሰ ቁጥር ጌጡ ጠረጴዛውን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ መርሻ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የበላይ አካል።

«ዓርብ አውሮፕላን ይመጣል» አለ። «እስከዚያ ካልሠራ ይህ አሻጥር ነው። አሻጥረኛው አውሮፕላኑ ላይ ይጫናል።»

«የቢሮው ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?» አለ ውቤ።

ዳርጌ ወገቡን ዳሰሰ።

ሐሙስ ውቤ በመገናኛ ሬዲዮ አዲስ አበባ ያለውን አለቃውን ጠየቀ። አለቃው ከጩኸቱ መሃል እንዲህ አለው፤

«የሽቦው ጫፍ መክደኛ አለው ወይ? የጣት ጫፍ የምታህል፣ የምታብረቀርቅ። እሷ ከሌለች የተላከው ወሬ ጫፉ ጋ ደርሶ ወደ ኋላ ይነጥርና ሁሉን ያደናቁራል!»

ውቤ ሮጦ ሄደ። መክደኛ የለም።

«ሌባ!» አለ፤ ድምፁ ከሬዲዮው በልጦ አዲስ አበባ ሳይሰማ አልቀረም። «በዚህ አገር የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ሰው አንገት ላይ ያድራል!»

የዳርጌ ኪስ ተገለበጠ፤ የበቆሎ ጥሬ ወደቀ። ቤቱ ተፈተሸ። ሚስቱ ጥሩብርሃን እንስራዋን ከእጃቸው ለመቀማት ስትታገል ተሰበረ። የፍየሏ ቃጭል ሳይቀር ተፈታ። ውቤ ከፊት ከፊት ጌጡን እያንቀጫቀጨ ይመራል።

ዓርብ ጠዋት ዳርጌን ቢሮ ውስጥ ከዝርጋታው በተረፈ ሽቦ የኋሊት አሠሩት። አውሮፕላኑ ከላይ አጓራ፤ ላሞቹን ከሜዳው ማባረር ተጀመረ።

«መክደኛዋን የት አደረስካት? ተናገርና ልጆችህን እንኳ ተሰናበት» አለው ጓድ መርሻ።

«የማላውቀውን ምን ልናገር፣ ጓድ?» አለ ዳርጌ፤ ዓይኑ በር ላይ ከቆመችው ከጥሩብርሃን አልተነቀለም።

ይህን ጊዜ አየለች ወተቷን ይዛ ገባች። አንገቷ እንደ ወትሮው ዶቃና ቆርቆሮ ተሸክሟል። ውቤ ዘሎ ክንዷን ያዘ።

«ተባባሪዋ ተገኘች! የሚያብረቀርቅ የምትለቅሚው አንቺ ነሽ! አምጪ መክደኛዋን!»

አየለች ቅሏን መሬት አስቀመጠችና ከአንገቱ እስከ እግሩ አየችው።

«አንተ በመስኮት ጣልካት፣ እኔ አንሥቼ ጌጥ ላይ ሰካኋት፣ አልዱባ በምላጭ ለወጥከኝ፤ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ደግሞ እኔን አምጪ ትለኛለህ?»