የሊባን ሲዲ

"ገልብጠው" አሉ ኤዶ ዳሃቦ።

ሲዲውን ከሱቄ ኮምፒውተር አውጥቼ ገልብጬ አሳየኋቸው። በጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የወንድ ልጃቸው የሊባን ስም ብቻ ነው ያለው።

"ኤዶ፣ ይሄ እኮ እንደ ካሴት አይደለም። ባንድ ፊቱ ብቻ ነው የሚቀዳው።"

"እና የሱን ድምፅ የት አደረግከው?"

እኔ የት አደርገዋለሁ። ኤዶ፣ አክስቴ፣ ብዬ የምጠራቸው የአባቴ ዘመድ ስለሆኑ ግን ቀና ብዬ አልመልስላቸውም፤ አጠገባቸው የቆመችውን ልጃቸውን ኢፍራህን አየኋት።

"ሆዮ፣ ነግሬሻለሁ እኮ" አለች እናቷን። "መልስሽን ስንቀዳ ኮምፒውተሩ የሱን ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልኩት። እናቴ፣ አጠፋው።"

"አንቺ ዝም በይ። የጠየቅኩት አያንሌን ነው" አሉ፣ ወደኔ ዞረው።

እኛ ሃርጌሳ ያደግን ሰዎች ደብዳቤ የምንለው ድምፅን ነው። ካሴት ከውጭ ይመጣል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማዋል፣ መልሱ በዚያው ካሴት በሌላው ፊት ይቀዳና የሚሄድ ሰው ተፈልጎ ይላካል። ሊባን ጆሃንስበርግ ሱቅ ከከፈተ በኋላ በስልክ ይደውል ነበር። እናቱ ግን የስልኩ ወሬ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም ብለው አላስቀምጥ ሲሉት፣ እያጠፉ እንደገና የሚቀዱበት ሲዲ ገዛ። እንደ ካሴቱ ይመላለሳል ብሎ ነው። ድምፁን ቀድቶ በነጋዴ እጅ ላከላቸው፤ ሰሙትና በላዩ መልሳቸውን ቀዱበት። መልሱ ጆሃንስበርግ ሲደርስ ሊባን ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመትቶ፣ ተቀብሮም ነበር። ሲዲው ከልብሶቹ ጋር ተመለሰ። ኢፍራህ ያሸገችበት ፕላስተር እንኳ አልተነካም።

ከዚህ ሌላ ድምፁ የተቀዳበት ነገር የላቸውም።

"ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት ፕሮግራም አለ" አልኳቸው። "የጠፋ ነገር ይፈልጋል። ግን እርስዎ የተናገሩበት ቦታ ላይ የነበረው የሱ ድምፅ አልቋል፤ እሱን ማንም አያወጣውም። የእርስዎ ንግግር ካለቀበት ወዲያ የተረፈ ካለ ነው የሚለቅመው።"

"ብዙ ነው እንዴ የተናገርኩት?"

ኢፍራህ ሳቅ አመለጣት። "ሆዮ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሰላም ብሎሃል ስትዪው አልነበር? በርበራ ከተማ ያሉት ሳይቀሩ በየስማቸው።"

"ስሙን ያልጠራሁት ይቀየመኛላ" አሉ ኤዶ። ከዚያ ያሉት ነገር ገባቸው መሰለኝ፣ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። የጠሩት ስም ሁሉ የልጃቸውን ድምፅ እየበላ ነው የሄደው። እኔም ይህን ባልነገርኳቸው ብዬ ተጸጸትኩ።

ሲዲውን መልሼ አስገብቼ ፕሮግራሙን አስጀመርኩት። ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ እየተሽከረከረ ያቃስታል፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ሲዲ ብዙ ሰው ያመጣልኛል፤ ምንም የለውም ብዬ መመለስ አፌ ለምዶታል። ለኤዶ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

"ፀጉርህ የተመለጠው እዚህ ሳጥን ላይ አፍጥጠህ ነው አሉ" አሉኝ። "እስቲ ዛሬ እንኳ ይጥቀምህ።"

"የተመለጥኩት በአባቴ ወጥቼ ነው፣ ኤዶ።"

"አባትህስ ቢሆን መቼ ደህና ጭንቅላት ነበረው" ብለው ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

ሊጨርስ ሲል አንድ ነገር ብቅ አለ። ስም የለውም፤ ከወገቡ የተቆረጠ ቁራጭ ድምፅ ነው። የተገኘው ደግሞ የኤዶ ንግግር ካለቀበት ወዲያ ነው።

"አንድ ተገኘ" አልኩ፤ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የሚንሿሿ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ከሩቅ፣ ወፍራም፣ እንደታፈነ ያለ ድምፅ "ሆዮ" አለ። ቆየና ደገመ፦ "ሆዮ።" ተቆረጠ።

ኢፍራህ የእናቷን ትከሻ ጨበጠች። "እሱ ነው" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ሆዮ፣ እሱ ነው። እየጠራሽ ነው።"

እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ተነስቼ የሱቁን በር ዘጋሁ፣ የመንገዱ ጩኸት እንዳይረብሻቸው።

ኤዶ ዳሃቦ አላለቀሱም። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አድርገው ሰሙ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ሆዮ፣ በደንብ ስሚው እንጂ..."

"እኔ ነኝ አልኩሽ። እሱ እኔን ሲጠራ አይደለም። እኔ ነኝ እሱን የምጠራው።"

ባገራችን ልጅ እናቱን ሆዮ ይላል፤ እናትም ልጇን ስታቆላምጥ መልሳ ሆዮ ትለዋለች። ሦስታችንም ይህን እናውቃለን። የረሳነው ልንረሳው ስለፈለግን ነው።

"መጀመሪያ የቀዳነው ነው" አሉ ኤዶ፣ ለኔ ይሁን ለልጃቸው ሳይለይ። "ሰላምታውን ሁሉ ጨርሼ፣ ደህና ሁን ልለው ስል ሆዴ ባባ። አለቀስኩ። በሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ለቅሶዬን እንዳይሰማ ብዬ፣ አጥፊው አልኳት። እንደገና ቀዳን። አሳጥሬ።"

ኢፍራህ እጇን ከእናቷ ትከሻ ላይ አነሳች። "አዎ" አለች። የሊባንን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሸፍነውታል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ረጅሙ ነበር።

ፕሮግራሙ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ሲዲው ላይ ምንም አልነበረም።

ያን ቁራጭ ድምፅ እንደገና ቢሰሙት የሚብስባቸው መስሎኝ፣ እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ "ላጥፋው፣ ኤዶ?" አልኳቸው።

"ለማን ብለህ?" አሉኝ። "አሁን ለቅሶዬን የምደብቀው ከማን ነው?"