የፊት ቀለም

ሐኪሙ «ውጤቱን ለቤተሰብ ነው የምነግረው» በማለቱ የታማሚው ሚስት ጽጌ ከወንድሟ ከአንዷለም ጋር ሄደች። ባሏ ቤት ቀርቶ ጭንቀቱን ለመርሳት፣ ለሙከራ የተዋሳቸውን ሁለት ካሜራዎች አውጥቶ አንዱን ሌንስ እየነቀለ ሌላውን እየገጠመ ሲያወዳድር ተመለሱ።

«ምን አሉሽ?»

«ደም ማነስ ነው አሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ካሜራውስ፣ የትኛው ተሻለ?»

ግራ ገባው። ጽጌ እኮ አዲስ ሌንስ ባየች ቁጥር ቤቱን በአንድ እግሩ የምታቆም ሴት ናት።

«ይሄኛው ለሚበር ወፍ ፈጣን ነው፤ ያኛው የፊት ቀለም ያሳምራል።»

«ያኛውን ግዛው፣ የኔ ጌታ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እኛን ስታነሳ ኖረህ ያንተ አንድ ደህና ፎቶ እንኳ የለም» አለ አንዷለም፣ ካሜራውን እየተቀበለው። «በል ኮትህን ልበስ።»

ደስ እያለው ለብሶ ተቀመጠ።

«ጥርስህን አታሳይ። ደሞ ፎቶው ሲያድግ አይደበዝዝም አይደል?»

«ይሄ? ግድግዳ የሚያህል አድርገው! ለመሆኑ ምን ያህል ልታሳድገው ነው?»

አንዷለም ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ «ድንኳኑ በር ላይ ለመጣው ሰው ሁሉ እንዲታይ» አለ።