በደመናው ሥር ያለው ስም

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እከተላለሁ። «ሬን... ጋ... ኒስ።» የልጄ ስም ነው። ቀጥሎ ግን ሌላ ቃል አለ። «ኮ... ሳ... ሲህ።»

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበዋለሁ። አልተሳሳትኩም።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሬንጋኒስ ቢሮዋ ድረስ ያመጣሁላትን ምሳ ከሙዝ ቅጠሉ እየፈታች ነው። «ውይ እማ! ማንበብ ቻልሽ ማለት ነው?»

«ወሬ አትቀይሪብኝ!»

ከስሙ በላይ ደመናዋ ታበራለች፤ ሰማያዊ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ። በጣም ሩቅ ባለ ግዙፍ ጋላክሲ ዙሪያ የሚንሳፈፍ የሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ፎቶ አይደለም። በቴሌስኮፕ የሚታየውን እስኪመስል ድረስ አራት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር በቁጥር ቀምራ የሠራችው ነው። ዛሬ ለውጭ አገር መጽሔት ልትልከው ነው።

«ቅጹ የቤተሰብ ስም ካልሞላሽ አላሳልፍም አለኝ» ትላለች። «ምን ላድርግ? የአባቴን ጻፍኩ።»

በእኛ ከተማ በባንዱንግ አንድ ስም ለሰው ይበቃዋል። ስንቱ በአንድ ስም ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ተቀብሯል። ለማሽኑ ግን አልበቃውም።

«አባቴ ትያለሽ! ገና ስትድሂ ጥሎሽ የሄደው? የሰው ልብስ ሳጥብ የት ነበር? አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ደመና ጠይቆሽ ያውቃል?»

«ስም ብቻ እኮ ነው። ደግሞ ማን ያነበዋል?»

«እኔ!»

ጎን ያለችው ባልደረባዋ ቀስ ብላ ጆሮዋን በማዳመጫዋ ትደፍናለች።

«በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት የሱን ስም ላነብ ነው?»

ልጄ ፊቷ ይቀላል። ኮሳሲህ የሚለውን ታጠፋና ከወንበሩ ተነሥታ ትለቅልኛለች።

«እንግዲያው አንቺ ሙዪው።»

«ምን ብዬ?»

«ስምሽን ነዋ! ወይስ ትምህርቱ ኮሳሲህ ላይ ነው ያለቀው?»

እቀመጣለሁ። ስሜ ኢቺህ ነው፤ በኢ ይጀምራል። ቁልፉን ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ እርሳስ እንደምጫነው አጥብቄ እጫነዋለሁ።

ኢ። ከዚያ ኢኢኢኢኢኢ፣ ሳጥኑን ሞልቶ፣ መስመሩን እስከ ጠርዙ ድረስ ይሮጣል።

«ጣትሽን አንሺ፣ እማ! አንሺ!»

አላነሳም፤ ለሱ ስም የሚተርፍ ቦታ እንዳይኖር።