ስንጥቋ ቃጭል

«ተይ እህቴ፣ ዝጊው፤ ምን ያደርግልሻል?» አላት ታላቅ ወንድሟ ትከሻዋን አቅፎ። አልሰማችውም። በቴሌቪዥኑ ላይ የተቃጠለው የልብስ ፋብሪካ በር ይታይ ነበር፤ ከስሩ ጥቁር ጭስ እየተግተለተለ ይወጣል፤ ከውጭ የተቆለፈባቸው ሴቶች ከውስጥ ሆነው በሩን በእጃቸው ይደበድባሉ። ከእነዚያ እጆች መካከል የታናሽ እህታቸው እጅ ነበረበት። ዜና አንባቢዋ ምስሉ ከማን ስልክ እንደወጣ እስካሁን አልታወቀም አለች።

«ምን ዓይነት አረመኔ ነው ቆሞ የሚቀርጽ?» አለች እህትየዋ። ወንድሟ እንባውን ጠረገ። የፈረቃው ተቆጣጣሪ እሱ ነበር፤ የበሩም ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር። «ምሳ ልበላ ወጥቼ ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር» ብሎ እግሯ ስር ወድቆ ሲያለቅስ፣ አይዞህ ብላ ያነሳችው እሷ ነበረች።

ምስሉ ሊያበቃ ሲል የቀራጩ እጅ ዝቅ አለ፤ በሩ በሚደበደብበት ድምፅ መሐል አንድ ነገር አቃጨለ። ጎርናና፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነበር። ወንድሟ ቁልፉን የትም እየጣለ ቢያስቸግራት፣ ያችን ስንጥቅ ቃጭል ከቁልፉ ጋር ያሰረችለት እሷው ራሷ ናት።

ትከሻዋ ላይ ያረፈው ክንድ ድንጋይ ሆነባት። «ጋሼ» አለች ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል፣ «ይህ ሲቀረጽ ቁልፉ እጅህ ላይ ነበር?»

ሪሞቱን ከእጇ መንጭቆ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ቤቱ ጭጭ አለ። ከኪሱ ውስጥ ግን ቃጭሏ ማቃጨሏን አላቆመችም።