የሚያየው ሳጥን

መምህሩ ሳጥኑን ያመጡት ማየት ለተሳናቸው ሰባት የሳይንስ ተማሪዎች ነው። ሳጥኑ በማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን እያየ ይናገራል። ድምፁ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

"ክብ ነው" ይላል። "መሃሉ እንደ ምስር ተሰንጥቋል።"

"እየተከፈለ ነዋ!" ትላለች ልጅቷ፤ ከሰባቱ ፈጣኗ።

"እኔ እንጃ" ይላል ሳጥኑ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

"ትሕትና አስተምሬው ነው" ይላሉ መምህሩ። "እሱ ያያል፣ እናንተ ስም ታወጣላችሁ። ፊደልና ቁጥር ማንበብ ለከርሞ ይማራል።"

ልጅቷ የሐሙሱን ፈተና ካለፈች ሁለተኛ ዓመት ትገባለች። ከወደቀች ከሳይንስ ትወጣለች፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ዓይነ ስውራን ሁሉ እንደወጡት።

አንድ ሰው ብቻ አላማራትም። የጽዳት ሠራተኛው። ለሰላምታ እንኳ አፉን አይከፍትም፤ ተማሪዎቹ "ዱዳው" ይሉታል። ትምህርት ሲጀመር የመጥረጊያው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ከክፍሉ አጠገብ ያለው የዕቃ ቤት በር ይዘጋል። አንድ ቀን ሳጥኑ በመሃል ዝም አለ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማች።

"ሽቦ እየነካካ ነው" አለቻት ለጓደኛዋ።

"ተይ፣ ሰው አትሚ።"

"ዓይን ባይኖረኝ ጆሮም አጣሁ እንዴ?"

መምህሩ ስለ ሳጥኑ ንግግር ሊያደርጉ ውጭ አገር ሄደዋል። ሰኞ ዕለት ልጅቷ ዲኑ ቢሮ ገባች።

"ጌታዬ፣ የጽዳት ሠራተኛው ሳጥኑን ነካክቶ ዓይኔን ሊያጠፋብኝ ነው" አለች።

እሷ ስትወጣ ዲኑ ሠራተኛውን ጠሩት።

"በር ዘግተህ ምን ትሠራለህ?"

ሰውዬው አቀረቀረ። "አደራ አለብኝ።"

"የማን አደራ?"

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ።

ማክሰኞ ከሥራ ተሰናበተ። ልጅቷ እፎይ ብላ ተኛች።

ሐሙስ ፈታኟ ናሙናውን ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረጉ።

"ምን ይታይሃል?" አለችው ልጅቷ ሳጥኑን።

መልስ የለም። ጮክ ብላ ደገመች። መልስ የለም። ሰዓቱ አለቀ።

"ዱዳው ነው!" ብላ አለቀሰች። "ምን አድርጌው ነው? ሳይሄድ አበላሽቶብኝ ነው የሄደው!"

ፈታኟ የጥገና ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው የሳጥኑን ክዳን ፈታ። ሽቦውን ተከትሎ ወጣ፣ ተመለሰ።

"እህቴ፣ ውስጡ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ሽቦው ግድግዳውን በስቶ ዕቃ ቤት ይገባል፤ እዚያ አንድ ስክሪን፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ወንበር አለ።"